ማጨስና ጠባይ፦ ሲጋራ የሚያረጋጋው በተፈጥሮው ጭንቀታም የሆነን ሰው ነውን?

ጥያቄ (ታናሽ እህት)
ታላቅ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ተጫዋችና ሰው ወዳድ ነው፤ ሲጋራ የጀመረውም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር ጫት መቃም ሲለምድ ነበር። ለማቆም በሞከረ ቁጥር ቁጡና ነጭናጫ ይሆንና «እኔ ተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነው፤ የሚያረጋጋኝ ሲጋራ ነው» ይለናል። በእርግጥ ጠባይና ማጨስ የተያያዙ ናቸውን?

መልስ (የሥነ ልቦና መምህር)
እህቴ፣ ግንኙነቱ አለ፤ የሚገፋው ጠባይ ግን እንደየደረጃው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተሉ ዘጠኝ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ተግባቢ የሆኑና ራሳቸውን የመግዛት ልማዳቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ሲጋራ ለመጀመር ይቀርባሉ፤ ጭንቀትና ብስጭት የሚቀናቸው ደግሞ ካቆሙ በኋላ መልሰው የመጀመር ዕድላቸው ከፍ ይላል። ይህ ግን የብዙ ሰዎች አማካይ ስለሆነ በአንድ ሰው ላይ ፍርድ አይሰጥም።

መልስ (ፋርማሲስት)
ወንድምሽ ተፈጥሮዬ የሚለው ነገር ቢያንስ በከፊል የኒኮቲን እጦት ይመስለኛል። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ አጫሹ ቀኑን ሙሉ በተደጋጋሚ ይቁነጠነጣል፤ የሚቀጥለው ሲጋራ ያረጋጋው የሚመስለውም ያለፈው ሲጋራ ያመጣበትን ጭንቀት ስለሚያስታግስለት ነው። ብስጭቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ብዙውን ጊዜም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት በሚያሳየው ጠባይ ማንነቱን ባትመዝኑት መልካም ነው።

መልስ (አንባቢ)
በዚህ ርዕስ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። አጫሾች ይበልጥ ተግባቢ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1960 ካሳዩት አንዱ የሆነው፣ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃንስ አይዘንክ፣ በኋላ ለካንሰር ከሲጋራው ይልቅ ጠባይን ተጠያቂ እስከማድረግ ደርሶ ነበር፤ ከትምባሆ ኩባንያዎችም ገንዘብ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ፣ አይዘንክ ከአንድ ባልደረባው ጋር የጻፋቸውን 26 ጽሑፎች አስተማማኝ አይደሉም ብሏል።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጫቱን ሳይተው ሲጋራውን ብቻ መተው ይችላልን?

መልስ (ፋርማሲስት)
ይከብደዋል፤ ሲጋራው የሚያምረው በምርቃና ሰዓት ከሆነ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጫት ቤት ቢርቅ ይሻላል።