የድሮን ክንዴ በንብብሩ ተሰነጠቀ፤ ናኖቲዩብ ልጨምርበት?

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። በእጄ የሰራሁት የካርቦን ፋይበር ድሮን ሲያርፍ ክንዱ ተከፈተ። የገረመኝ፣ ክሩ አልተበጠሰም። ተደራርቦ የተጣበቀው የክር ጨርቅ ንብብር ነው እንደ ሽንኩርት የተላጠው። ኦንላይን የካርቦን ናኖቲዩብ (በዓይን የማይታይ ደቃቅ የካርቦን ቱቦ) ዱቄት አይቻለሁ። ንብብሩን ከሚያጣብቀው ኢፖክሲ ሙጫ ጋር ባዋህደው ይጠነክርልኛል? ክብደት መጨመር አልፈልግም።

ጋሽ ሙጫ፦
ዱቄቱን አትግዛ። ሀሳብህ ግን የዋዛ አይደለም።

እኔ አውሮፕላን ጥገና ላይ ነኝ፣ ኮምፖዚት (እንዳንተ ክንድ ክርና ሙጫ ተዋህደው የሚሰራ ቁስ) ክፍል። ክሩ የሚበረታው በርዝመቱ ነው። በንብብሮቹ መሀል ያለው ሬዚን፣ ማለትም ኢፖክሲ ሙጫው ብቻ ነው፤ ያንተም የተከፈተው እዚያ ነው። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ብራያን ዋርድልና ባልደረቦቹ ይህችኑ ቦታ በናኖቲዩብ ሰፍተዋታል። ግን ዱቄት አልበጠበጡም። ቀጥ ብለው የቆሙ ቱቦዎችን አሳድገው በንብብሮቹ መሀል አስገቡ። ሬዚኑ ሲሞቅ ይሳሳና በቱቦዎቹ መሀል ይሳባል። ቱቦው 10 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የካርቦን ክሩ ከ5 እስከ 7 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከቱቦው በመቶዎች እጥፍ የወፈረ። ስለዚህ ክሩን ሳይጎዳ ይሾልካል። በወፍራም ክር ብትሰፋው ግን ትሰብረዋለህ። በ2016 ባወጡት ውጤት ጥንካሬው 30 በመቶ ያህል ጨምሯል።

ዱቄቱ ግን ይጓጉላል፣ በማማሰያ አይበተንም። ትንሽ ጨምረህ እንኳ ሬዚኑ ይወፍርብሃል፣ ጨርቁም ያጠልለዋል። የጓጎለባት ቦታ ስንጥቅ መጀመሪያ ትሆናለች። ደግሞ በሳንባ አይቀለድም! የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አንዱን የናኖቲዩብ ዓይነት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦታል። መኝታ ቤትህ ውስጥ የሚከፈት ነገር አይደለም።

ከቦሌ የሚነሳው ቦይንግ 787 አውሮፕላን እኮ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። እዚያ ንብብሩ እንዳይላጥ የረዳው በሬዚኑ ውስጥ ያሉ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው።

ሽቦ በጣሽ፦
የተላጠው ከብሎኑ ቀዳዳ ወይስ ከጠርዙ? ከጠርዙ ከሆነ በአሸዋ ወረቀት አለስልሰህ ቀጭን ሱፐር ግሉ አጠጣው። ስታሸው ውሃ አርከፍክፍበት። ብናኙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ቦርድህን ሾርት ያደርግብሃል።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ከጠርዙ ነው። ጋሼ፣ ስሰራው ቫኪዩም አልተጠቀምኩም፣ ድንጋይ ጭኜበት ነው ያደረው።

ጋሽ ሙጫ፦
በል ተገኘ! አየር ታፍኖበታል። የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ፈልግ፣ በመሳቢያው በኩል ቱቦ ግጠምለት፣ ስራህን ላስቲክ ውስጥ አሽገህ አየሩን ምጠጠው። ሬዚኑ ወደ ኮምፕሬሰሩ እንዳይገባ መሀል ላይ ማጠራቀሚያ ጠርሙስ አድርግ፤ ወፍራም ይሁን፣ ስሱ ይጨመደዳል።