ሰላጣዬ ተበላሸ፣ ነገ እንግዳ አለ (አዳማ)

እሙዬ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ረቡዕ የገዛሁት ሰላጣ ግማሹ ልፍስፍስ አለ፣ ግማሹ ይሸታል፣ ቡኒ ነጠብጣብ ያወጣም አለ። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ነገ ምሳ ላይ ነው የሚቀርበው። ይጣል?

ሶደሬ፦ ጎመን ክተፊና ተገላገይ 😄

የጓሮ ሰው፦ መጀመሪያ ለዪው። የሚሸትና የሚያሙለጨልጭ በስብሷል፤ ማጠብ አያድነውም፣ ጣዪው። የለፈሰፈሰው ግን ውሃ ነው ያጣው። ግንዱን ጫፉ ላይ በስሱ ቆርጠሽ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ንከሪው። የዚህ ሰዓት የቧንቧ ውሃ ለብ ያለ ስለሆነ በረዶ ጨምሪበት።

ዳኛው፦ መብራቱን አታሳብቡ። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሰላጣው እንዴት ነበር የተቀመጠው? ከምን ጋር?

እሙዬ፦ ግማሹን አጥቤ በፌስታል አስሬ፣ ግማሹን እንዲሁ መደርደሪያው ላይ። ሙዝና አቮካዶም አለ። መልሱን ብቻ ንገሩኝ!

ዳኛው፦ መልሱ እሱ ነዋ። ከነውሃው የታሰረው ታፍኖ በሰበሰ፣ ክፍት የተቀመጠው ደረቀ። ሙዝና የበሰለ አቮካዶ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ የቅጠሉን አጥንት ቡኒ የሚያነጥበው እሱ ነው። ነጠብጣቡ አይጎዳም፣ መልኩን ነው የሚያበላሸው።

ፍሬ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው እህቴ።

ሶደሬ፦ ተብሏል እኮ!

የጓሮ ሰው፦ ለዛሬ ሌሊት ደግሞ፦ ከነከርሽው በኋላ አራግፊ፣ በንጹህ ፎጣ አድርቂ፣ ጠብ በማይል እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ክዳን ያለው ሰፊ ዕቃ ውስጥ አድርጊው። ከሱቅ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ገዝተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ጎኑ አስቀምጪ። በረዶው ቅጠሉን በቀጥታ ከነካው ያቃጥለዋል። ሁለት የሸክላ ድስት አንዱን ባንዱ ውስጥ አድርጎ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላትም ያቀዘቅዛል፤ የሚሠራው ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፣ ክረምት ላይ አትድከሚ።

ነርሷ፦ ጥሬውን የሚበላ ነገር ስለሆነ ነገ ጠዋት ቅጠል በቅጠል እጠቢ። ከዚያ 5 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና፣ 10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በሚጠጣ ውሃ ማለቅለቅ። በአቼቶ ብቻ አይተማመኑም። ጨውና ሎሚ ሲቀርብ ብቻ፤ ጨው ውሃውን ይስበዋል፣ በሩብ ሰዓት ይልፈሰፈሳል።

ፍሬ፦ የእኔ ፍሪጅ ደግሞ ቅጠሉን መስታወት አስመስሎ ያጠቁረዋል፣ ምንድን ነው?

ዳኛው፦ የኋላውን ግድግዳ ነክቶ በረዶ ሠርቷል። ታችኛው መሳቢያ አድርጊው፣ የፍሪጁንም ቅዝቃዜ ቀንሺ።