ተማሪዎቼን ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዴት ላናግራቸው?

የከዚራው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ከአንድ ወር በፊት እሁድ እሁድ አንድ ክፍል አስከፍቼ ፈቃደኛ ከሆኑ ተማሪዎች ጋር ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ መወያየት ጀመርን። ሐሳቡ የመጣልኝ የአገራዊ ምክክሩን ወሬ ስከታተል ነው። ይሻሻል፣ አይሻሻል የሚል ክርክር በየቦታው አለ። ተከራካሪዎቹ ግን የምሰማቸው በሙሉ ታላላቆቼ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ እኔ ራሴ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተማሪዎቼማ ገና አልታሰቡም። ከተሻሻለ ግን ረጅሙን ዘመን የሚኖሩበት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን 24 ልጆች መጡ። ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። «የመገንጠል መብት ያለበት አንቀጽ 39 ላይ ምን ትላላችሁ?» ብዬ ጀመርኩ። ዝም። የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ። አንዷ በሩን ታያለች፣ ሌላው ደብተሩ ጠርዝ ላይ ይሞነጫጭራል። በመጨረሻ ሁለት ወንዶች ተናገሩ፤ እነሱም ከቴሌቪዥን የሰሙትን ነው የደገሙት። በሳምንቱ 11 መጡ። በሦስተኛው 7። አንዲት እናት ደውለው «መምህር፣ እባክዎ ልጄን ፖለቲካ ውስጥ አያስገቡብኝ» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ያዩትን ያውቃሉ።

ልተወው አልፈልግም። እንዲህ ዓይነት ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦

ቲቸር፣ እኔም ድሬ ነው የተማርኩት። አሁን ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት ነኝ። አቦ ሰዓቱን ይቀይሩት! እሁድ በ9 ሰዓት ድሬ ውስጥ ማን ይመጣል? ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ፣ ሴቶቹ ደግሞ የቤት ሥራ ላይ ናቸው። ጠዋት በ2 ሰዓት ያድርጉት።

ዝም ማለታቸው ግን አልገረመኝም። ክፍልዎ ውስጥ ኦሮሞ አለ፣ ሶማሌ አለ፣ አማራ፣ ጉራጌ፣ ሐረሪ አለ። አብረው ነው ያደጉት። አንቀጽ 39 ሲነሳ እያንዳንዱ የሚያስበው «አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ ምን ትለኝ ይሆን?» ነው። እኔም ብሆን አፌን አልከፍትም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ባለፈው ዓመት «የወጣቶች መድረክ» ተብሎ ተጠርቼ ነበር። በወጣት ስም ፊት የተቀመጡት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ሰዎች ናቸው። የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ እኮ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ንግግር ሰማን። ለጥያቄ 15 ደቂቃ ተረፈ። እጄን ሳወጣ «በጽሑፍ ስጪ» ተባልኩ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የጠራኝ መድረክ ላይ አልሄድኩም። እርስዎ ግን ልጆቹ ያሉትን ጽፈው በሳምንቱ መልሰው ያንብቡላቸው። ቃላቸው እንዳልጠፋ በዓይናቸው ይዩት።

ጋሽ ለገሃር፦

ልጄ፣ የ1978 ክረምትን ላውራህ። ያኔ የደርግ መንግሥት የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ በየቀበሌው አውርዶ ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። መጋላ አካባቢ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ካድሬው አንቀጽ በአንቀጽ ያነብልናል። ስለ ሸንጎ፣ ስለዚያን ጊዜው ፓርላማ ማለቴ ነው፣ ሲያነብ ሰዉ ያንቀላፋል። አንድ ወንድ ከአንድ ሚስት በላይ አያግባ የሚለው ጋ ሲደርስ ግን አዳራሹ ተነሳ! የሙስሊም ሰፈር ነው፣ ነገሩ የየሰው ጓዳ ነው። እንዲህ ያለው ተቃውሞ በሌላም አካባቢ በርትቶ ኖሮ፣ ጥር 1979 ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ያ አንቀጽ ወጥቶ ነበር።

ሌላው ሁሉ እንዳለ አለፈ። ሕገ መንግሥቱም በ1983 ከመንግሥቱ ጋር ሄደ። እኔ የማስታውሰው ግን ያንን ቀን ነው። ሰው አፉ የሚከፈተው ነገሩ ቤቱ ሲገባ ነው። ለልጆቹም ቤታቸው የሚገባውን ፈልግላቸው።

ጠበቃዋ፦

ወንድሜ፣ ለደወሉልህ እናት አንቀጽ 104ን አንብብላቸው። የማሻሻያ ሐሳብ በተወካዮች ምክር ቤት ወይም በፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ወይም ከክልል ምክር ቤቶች በአንድ ሦስተኛው ከተደገፈ ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት ይላል። ስለ ማሻሻያ መወያየት ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያዘዘው ነገር ነው። ማንንም አያስፈራም።

የ105ን ነገር ግን አትደብቃቸው። የመብቶቹ ምዕራፍ፣ ማለትም ምዕራፍ ሦስት፣ እንዲሁም 104 እና 105 ራሳቸው የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች ሲስማሙ ነው። አንዱ እምቢ ካለ ቀረ። የቀሩትን ለማሻሻል እንኳ የፌዴራሎቹ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ፣ የክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋሉ። ይህን ሳያውቁ ተስፋ ብቻ ብትሰጣቸው ነገ ይቀየሙሃል።

ጋሼ ስላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁምህ። ክልሎቹን በስም የሚዘረዝረውን አንቀጽ 47ን ስጣቸውና ከተማችሁን ፈልጉ በላቸው። ሌላ ምንም አትናገር።

የከዚራው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት በ2 ሰዓት አደረግነው። 19 መጡ።

ለሦስት ለሦስት አንድ የሕገ መንግሥት ቅጂ አንቀጽ 47 ላይ ገልጬ ሰጠኋቸውና ዝም አልኩ። ከዚህ በፊት በሩን በሩን ስታይ የነበረችው ልጅ ጣቷን ዝርዝሩ ላይ አስኬደች። ትግራይ፣ አፋር፣ አማራ፣ ኦሮሚያ እያለች ታች ሐረሪ ጋ ደረሰች። ተመልሳ ከላይ ጀመረች። «ቲቸር፣ ድሬ የለችም እንዴ?» አለች። አንዱ ከኋላ «12 ክልል ተምረን እዚህ 9 ብቻ ነው!» አለ። ሌላኛው አንቀጽ 49 ላይ አዲስ አበባን አግኝቶ ጮኸ። 106ቱንም አንቀጽ ገለበጡት። ድሬ የለችም። የከተማችን አስተዳደር የቆመው በ1996 በወጣ የቻርተር አዋጅ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ከዚያ ማስቆም አልቻልኩም። አራት ሳምንት ትንፍሽ ያላለ ልጅ ተነስቶ «አያቴ ምድር ባቡር ሠርቶ ነው ያረፈው። ይቺን ከተማ ባቡር ነው የሠራት፤ የማንም አይደለችም፣ የሁላችንም ናት፤ ይጻፍልን» አለ። አንዲት ልጅ ተቃወመችው። «አሁን ከተነካካ የእኛ ነው የእኛ ነው ይመጣል። ባትጻፍም እየኖርን ነው» አለች። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። አንዱ ደግሞ በሶማሊኛ መናገር ፈለገ፣ ጓደኛው ተረጎመለት። አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። «እና አማርኛ የማታውቀው አያቴ እንዴት ትከራከር?» አለ። መልስ አልነበረኝም። እሱንም ጻፍነው።

ሦስት ትልልቅ ወረቀት ሞላ። እያንዳንዱን ሐሳብ ራሱ ባለቤቱ ነው የጻፈው። የሚቀጥለው እሁድ የምንጀምረው እነዚያን ወረቀቶች በማንበብ ነው። ለደወሉት እናትም 104ን በስልክ አነበብኩላቸው። «እስቲ አንድ ቀን መጥቼ ልስማ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ድሬ ካሉ ይምጡልን። የ1978ቱን ነገርኳቸው። «መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን ነበር?» ብለው ወጥረው ያዙኝ።

ጋሽ ለገሃር፦

እመጣለሁ ልጄ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው አንዲት ሳምቡሳ ሻጭ ናት። ካድሬው ሊያልፋት ሲል ከአግዳሚው ተነስታ ቆመች። አልቀመጥም አለች።