የድሮ ኮንሶልና ካሴት መሰብሰብ፦ ዋናውን ልግዛ ወይስ ኢሙሌተር ይበቃኛል?

የካሴት ወዳጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በልጅነታችን የተጫወትንባቸውን ኮንሶሎችና ካሴቶች እንደገና የመሰብሰብ ፍላጎት ካደረብኝ ሰንበትበት ብሏል። ለጊዜው በእጄ ያሉት አንድ ሱፐር ኒንተንዶ፣ አንድ ጌም ቦይ ከለር እና ጥቂት ካሴቶች ናቸው፤ ሌላ ነገር ከመግዛቴ በፊት ልምድ ያላችሁን ሰዎች ማማከር መረጥኩ።

የመጀመሪያው ችግሬ የፖኬሞን ጎልድ ካሴቴ ነው። ጌሙ ይነሳል፣ ድምፁም ምስሉም ደህና ነው፤ ሆኖም ሴቭ አድርጌ ካጠፋሁት በኋላ ስመለስ ምንም እንዳልተጫወትኩ ሆኖ ከሀ ይጀምራል። ሁለተኛው ችግር ሱፐር ኒንተንዶውን ከጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጋር ሳገናኘው የሚታየው ነው። ምስሉ ከመደብዘዙና ወደ ጎን ከመለጠጡ በላይ፣ ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ማሪዮ እስኪዘል ድረስ ትንሽ ጊዜ የሚያልፍ ይመስለኛል። የእኔ እጅ ዘግይቶ ይሁን ወይም የቴሌቪዥኑ ጣጣ ይሁን መለየት አልቻልኩም።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን ከሁለቱም ይከብደኛል። አንድ ጓደኛዬ «ይህ ሁሉ ጌም በኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር እየሠራ ለአሮጌ ፕላስቲክ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ምን ነክቶት ነው?» ይለኛል፤ ኢሙሌተር የሚለው የኮንሶሉን ሥራ በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም ነው። የምመልስለት አጥቼ ዝም ብያለሁ፤ ነገር ግን በኮምፒውተሩ ላይ ያንን ረጅም ዝርዝር ስከፍት አንዱን ጌም ገና ሳልሞቅበት ወደ ሌላው እዘላለሁ፣ አንዱንም ወደ መጨረሻው አላደርስም። ካሴት ስሰካ ግን እዚያው እቆያለሁ። ዋናውን ካሴት መሰብሰብ ዛሬም ትርጉም አለው ትላላችሁ? ካለውስ ከየት ልጀምር?

ጠጋኙ

የካሴትዎ ችግር የታወቀና የሚጠገን ስለሆነ አይጨነቁ። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ ካሴቶች የተጫዋቹን ሴቭ የሚያስቀምጡት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ያለውን ሁሉ በሚረሳ የማስታወሻ ቺፕ ላይ ነው። ኮንሶሉ ሲጠፋ ይህን ቺፕ ነቅቶ የሚያቆየው በካሴቱ ውስጥ የተበየደች፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት የ3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ናት። የመጀመሪያው ትውልድ የሆኑት ፖኬሞን ሬድና ብሉ ባትሪያቸውን ለዚህ ብቻ ይጠቀሙበታል። ጎልድና ሲልቨር ግን ቀንና ሌሊቱን የሚከታተል ሰዓትም በዚያችው ባትሪ ስለሚያሠሩ፣ በዕድሜ የሚያንሱት ካሴቶች ከታላላቆቻቸው ቀድመው ባትሪ ይጨርሳሉ። የእርስዎም ያጋጠመው ይኸው ነው።

ጥገናው ቀላል ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። ካሴቱን የያዘው ብሎን ተራ ካቻቢቴ የማይገባበት ስለሆነ 3.8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ልዩ መፍቻ መግዛት ይኖርብዎታል። ባትሪውንም ሲገዙ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ከፋብሪካ የተበየዱለትን ይምረጡ፤ ከዚያ የድሮውን በብየዳ አላቀው አዲሱን፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ሳያዛንፉ፣ በቦታው ይበይዱታል። ባዶ ባትሪ በፕላስተር አጣብቀው የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለው ካሴት ትንሽ ሲነቀነቅ ባትሪው ከምላሱ ይላቀቅና ሴቩ እንደገና ይጠፋል። ባትሪያቸው ገና ያልሞተ ሌሎች ካሴቶች ካሉዎት ደግሞ፣ የካሴት ማንበቢያ መሣሪያ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ሴቮቹን አስቀድመው ይገልብጡ፤ ባትሪው በወጣ ቅጽበት ያለው ሁሉ ይጠፋልና።

እጅዎን አይውቀሱ፤ መዘግየቱ የቴሌቪዥኑ ነው። ሱፐር ኒንተንዶ በአብዛኛው የሚልከው 224 መስመር ያለው ምስል ሲሆን፣ የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ይህንን መስመር በመስመር እንደደረሰው ይስለው ነበር። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ግን ምስሉን በቅድሚያ ሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም ዓይነቱን በስህተት ተርጉሞ፣ ወደ ራሱ መጠን ካሳደገ በኋላ ነው የሚያሳየው። ለዚህ ሥራ የሚፈጀው ጊዜ በሴኮንድ 60 ጊዜ ለሚታደስ ጌም ብዙ ነው። በመጀመሪያ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ያብሩ፣ የምስሉን ቅርጽም ወደ 4 በ3 ይመልሱት። ያ ካልበቃ ለድሮ ኮንሶሎች ተብሎ የተሠራ የምስል ማሳደጊያ መግዛት ይቻላል። ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን በደህና ሁኔታ ካገኙ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጀርባውን ግን እንዳይከፍቱ አደራ፣ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ አደገኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል።

መደርደሪያ

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጓደኛዎ ስለ ኢሙሌተር ጥቅም የተናገሩት ውሸት የለበትም፤ እኔም ያልገዛሁትን ጌም ለማጥናት ስፈልግ የምጠቀመው ኢሙሌተር ነው። ሳይጠቅሱ ያለፉት ነገር ግን አለ። ኢሙሌተሩ ራሱ ሕጋዊ ሶፍትዌር ቢሆንም የቅጂ መብት ያለበትን ጌም ከኢንተርኔት ማውረድ በአብዛኞቹ አገሮች አይፈቀድም፤ በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ቢሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሸጥልዎ አያገኙም። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች መካከል 87 በመቶዎቹ በወቅቱ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። ኒንተንዶ ራሱ የድሮ ጌሞችን ይሸጥበት የነበረውን የዊ ኮንሶል መደብር በ2019፣ የዊ ዩንና የ3ዲኤስን በ2023 ዘግቷል። ጌሙን በዲጂታል ሳይገዛ የቆየ ሰው ደጁ ተዘግቶበት ሲቀር፣ በ1991 ካሴት የገዛ ሰው ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ዛሬም ሰክቶ ይጫወታል። ለእኔ የመሰብሰብ ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ ትዝታው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ዋጋን በተመለከተ ግን ብርድ ውኃ ላፍስብዎት እገደዳለሁ። በ2021 ማሸጊያው ያልተከፈተ አንድ ሱፐር ማሪዮ 64 በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህ ጌም እኮ ከ11 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ፣ በየሰው ቤት የነበረ ጌም ነው! የተከፈለው ዋጋ ለፕላስቲክ መጠቅለያውና በላዩ ላይ ለተለጠፈው የጥራት ደረጃ እንጂ ለጌሙ አይደለም። በማይከፈት ሣጥን ውስጥ ታሽጎ የሚቀመጥ ካሴትን ጌም ብሎ መጥራት እኔን ይከብደኛል፤ የአክሲዮን ወረቀት ሆኗል። ከዚያ ዓይነት ገበያ ይራቁና ያለ ሣጥን፣ ያለ መመሪያ የሚሸጠውን ባዶ ካሴት ይግዙ። ማሪዮው ያው ማሪዮ ነው።

በዚህ ሙያ ውድነትና ብርቅነት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱም ይወቁ። የዚያን ዘመን የስፖርት ጌሞች በብዛት ስለታተሙና በየዓመቱ በአዲስ ስለተተኩ ዛሬም ርካሽ ናቸው፤ ኧርዝባውንድ የተባለው ጌም ግን በ1995 በአሜሪካ ሲወጣ ገበያ ሳይቀናው ቀርቶ፣ ቆይተው የመጡ ወዳጆቹ ሲፈልጉት ቅጂው አንሶ ዋጋው ሰማይ ነካ። ስለዚህ «ሁሉንም እሰበስባለሁ» ብለው አይነሱ። በሰሜን አሜሪካ ብቻ ለሱፐር ኒንተንዶ ከ700 በላይ ጌሞች ወጥተዋል፤ ብዙዎቹም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያኔም የማይረቡ ነበሩ። በልጅነትዎ ጀምረው ያልጨረሷቸውን ጌሞች ያስታውሱና ከእነሱ ይጀምሩ። እያንዳንዱን ሳይጨርሱ ሌላ አለመግዛት ኪስንም መደርደሪያንም ያድናል።

ማይክሮ

ከመደርደሪያ በአንድ ነገር እለያለሁ። «ዋናው» የሚለው ነገር ለሁላችንም አንድ አይደለም። ፋሚኮም የተባለው የኒንተንዶ ኮንሶል በ1983 በጃፓን ከወጣ በኋላ፣ በብዙ የዓለም ክፍሎች ያደጉ ልጆች የተጫወቱት በእሱ ሳይሆን በታይዋንና በቻይና በተሠሩ ቅጂዎቹ ነው። በሩሲያ ከ1992 ጀምሮ «ዴንዲ» በሚል ስም የተሸጠው ኮንሶል የዚህ ቅጂ ነው፤ ብዙ ሩሲያውያን ኒንተንዶ የሚለውን ስም ሳይሰሙ ማሪዮን ጨርሰዋል። ሽፋኑ ላይ 9999999 ጌሞች አሉት ተብሎ የተጻፈበትን ካሴት የማያስታውስ አለ? ዝርዝሩን ወደ ታች ሲወርዱበት ያው ጥቂት ጌሞች ስማቸው እየተቀየረ፣ አንዳንዴም ከመሀል ደረጃ እየጀመሩ ተደጋግመው ይመጣሉ። የእኔ ትዝታ የተያዘው በዚያ ካሴት ስለሆነ የምሰበስበውም እነዚህን ነው፤ ስለ ደረጃ ሰጪዎቹ ምንም ግድ የለኝም።

ለጠያቂው የማክለው፣ ኮንሶሉ ዋናው ከሆነ ካሴቱ ሁሉ ዋና መሆን የለበትም የሚለውን ነው። በሚሞሪ ካርድ የሚሠራ ካሴት ገዝቶ በእውነተኛው ሱፐር ኒንተንዶ ላይ፣ በእውነተኛው ጆይስቲክ መጫወት ይቻላል። ከወደዷቸው ውስጥ በጣም የሚወዷቸውን ጥቂቶች ብቻ በዋናው ይግዙ።

የካሴት ወዳጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከመፍቻው ጀምሬ ባትሪውን እቀይራለሁ። ሁለት ነገር ላስቸግር። አንደኛ፣ ካሴት አልነሳ ሲል እንነፋበት ነበር፤ ይህ በእርግጥ ይሠራል? ሁለተኛ፣ በርካሽ የቀረበልኝ ሱፐር ፋሚኮም፣ ማለትም የጃፓኑ ሱፐር ኒንተንዶ፣ አለ፤ ከጥቂት የፖኬሞን ካሴቶች ጋር ነው የሚሸጠው። ልግዛው?

ጠጋኙ

መንፋቱ አይሠራም፤ የሚሠራው ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው። ካሴቱ ሲወጣና ሲገባ የመዳብ ጥርሶቹ ከኮንሶሉ እግሮች ጋር ተፋግተው ቆሻሻው ይገፈፋል፣ ወይም ቀድሞ ያልተነካካው ጥርስ ይነካካል። ትንፋሻችን ግን እርጥበት ስላለው በጊዜ ብዛት ጥርሶቹን ያዝጋል። ይህ ልማድ በይበልጥ የተስፋፋው በ1985 በአሜሪካ በወጣው ኤንኢኤስ (የፋሚኮም የአሜሪካ ስሪት) ላይ ነው። ካሴቱ እንደ ቪዲዮ ማጫወቻ ከፊት ገብቶ ወደ ታች እንዲጫን ተደርጎ ስለተሠራ፣ 72 እግር ያለው መሰኪያው ቶሎ ይላላል። ግንኙነቱ ትንሽ ሲዛነፍ በኮንሶሉና በካሴቱ ውስጥ ያሉት የጥበቃ ቺፖች መግባባት ያቅታቸውና ኮንሶሉ በየሴኮንዱ ራሱን መልሶ ያስነሳል። ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ መብራት የዚህ ምልክት ነበር። ለማጽዳት በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ ጠንካራ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርገው ጥርሶቹን ይጥረጉ፤ ጥጡ ጥቁር መሆኑን እስኪያቆም ይደጋግሙ፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላም ይሰኩ።

ከፖኬሞን ካሴቶቹ ግን ይጠንቀቁ፤ በሐሰት ከሚሠሩት ውስጥ ግንባር ቀደሞቹ እነሱ ናቸው። በዋናዎቹ የጌም ቦይ ካሴቶች ላይ ተለጣፊውን ወረቀት ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት፣ ታትሞ ሳይሆን ተጭኖ የገባ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ይታያል። ሻጩ ካሴቱን እንዲከፍትልዎ ይጠይቁም፤ ቦርዱ ላይ የኒንተንዶ ስም ከሌለና በቺፕ ፋንታ የጥቁር ሙጫ ጠብታ ካዩ ይተዉት። ደግሞም ፖኬሞን የጌም ቦይ ካሴት እንጂ የሱፐር ፋሚኮም አይደለም፤ ሻጩ ይህን እንደሚያውቅ ያረጋግጡ።

ኮንሶሉ ራሱ ጥሩ ምርጫ ነው። የጃፓኑ በሴኮንድ 60 ምስል ስለሚሠራ፣ ለአውሮፓ በ50 ከተሠሩት በ20 በመቶ ገደማ ፈጥነው ብዙ ጌሞች በታሰበላቸው ፍጥነት ይሄዳሉ፤ ሙዚቃውም እንዲሁ። አዳፕተሩን ግን በቅድሚያ ይመርምሩ። የጃፓኑ አዳፕተር ለ100 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። የአውሮፓው ሱፐር ኒንተንዶ አዳፕተር ደግሞ 9 ቮልት ኤሲ ሲሆን፣ ሱፐር ፋሚኮም የሚፈልገው መሀሉ ኔጌቲቭ የሆነ 10 ቮልት ዲሲ ነው፤ ሶኬቱ ገባ ማለት ይስማማል ማለት አይደለም። ሻጩ አዳፕተር ጨምሮ የሚሰጥዎ ከሆነ በጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው እዚህ ይለጥፉልን፣ ከመሰካትዎ በፊት እናየዋለን።