ካርል ካውፍማን «የሀምቡርግ አዳኝ» ሊባል ይገባዋል?

ዳዊት፦ ካውፍማን ከ1929 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የናዚ ፓርቲ የሀምቡርግ መሪ ነበር። ጦሩ ከተማዋን እስከ መጨረሻው እንዲከላከል ታዝዞ ነበር። እሱ ግን ውጊያውን ተቃወመ። ሜይ 3 ቀን 1945 ሀምቡርግ ያለ ውጊያ ለእንግሊዞች ተሰጠች። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎች አዳኛችን ነው ብለውታል። እናንተስ?

ጋሽ ተስፋዬ፦ እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ። በ1943ቱ የቦምብ ድብደባ ብቻ ከ30,000 በላይ ሰው አልቋል። የጎዳና ላይ ውጊያ ቢጨመርበት ማን ይተርፍ ነበር? ክፉ ሰውም ደግ ከሠራ ደግ ሠራ ነው የሚባለው።

ሄለን፦ ጋሽ ተስፋዬ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሴፕቴምበር 1941 ከተማዋ በቦምብ ተደበደበች። ካውፍማን ራሱ ሂትለርን ጠየቀ፦ አይሁዶቹ ይውጡልኝና ቤታቸውን ቤት ለፈረሰባቸው ልስጥ። በዓመቱ ለሂትለር ምክትል ለጎሪንግ በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ በራሱ ብዕር አስፍሮታል። ኦክቶበር 25 የመጀመሪያው ባቡር ከሺህ በላይ ሰው ጭኖ ወደ ሎጅ፣ ፖላንድ ሄደ። ማንም አላስገደደውም እኮ!

ጋሽ ተስፋዬ፦ ልጄ፣ ይህን አልክድም። ግን የ1941 ግፍ በ1945 የተረፉትን ሕፃናት አያጠፋቸውም።

ሄለን፦ እሺ፣ 1945ን እንየው። እንግሊዞች ሲቃረቡ የሀምቡርጉ የኖየንጋመ ማጎሪያ ካምፕ ባዶ እንዲሆን ተደረገ። እስረኞቹ በሉቤክ ባሕረ ሰላጤ መርከብ ላይ ታጎሩ። የባሕር ማጓጓዣው ኮሚሽነር፣ ማለትም የመርከቦቹ የበላይ ኃላፊ፣ ደግሞ ካውፍማን ነበር። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች እስረኞች መሆናቸውን ሳያውቁ መርከቦቹን መቱ። 7,000 ያህል ሰው አለቀ። ቀኑ መቼ ነው? ያው ሜይ 3።

ዳዊት፦ ቀኑ አንድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ።

ሳሙኤል፦ አንድ ነገር ልጨምር። ኤፕሪል 29 አልበርት ሼፈር የሚባል የጎማ ፋብሪካ ኃላፊ፣ ከአንድ ሐኪምና ከአንድ መኮንን ጋር ነጭ ባንዲራ ይዞ ወደ እንግሊዞች ተሻገረ። በፋብሪካው ውስጥ የቁስለኞች ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ እንዳይመታ ሊለምኑ ነው የሄዱት። እንግሊዞቹም ከተማዋ እጇን እንድትሰጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ አስይዘው መለሱት። ሕይወታቸውን ያስያዙት እነዚህ ናቸው። ስማቸውን ስንቱ ያነሳል?

ጋሽ ተስፋዬ፦ የሼፈርን ነገር ገና ዛሬ ሰማሁ። ውጊያውን መተዉ ጥሩ ነበር፤ ይህን አለቅም። «አዳኝ» ያልኩትን ግን አንስቻለሁ። ለመሆኑ ካውፍማን መጨረሻው ምን ሆነ?

ሄለን፦ ታስሮ ተፈታ። በ1953 ከድሮ ናዚዎች ጋር ሲያሴር ተገኘ ተብሎ እንደገና ተያዘ፤ ያኔም ተለቀቀ። በ1969 እዚያው ሀምቡርግ ሞተ።