ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ልጆች የኢንተርኔት ጥንቃቄ ስናስተምር ከየት እንጀምር?

የቶሳ ሥር ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ልጆች የኢንተርኔት ጥንቃቄ የምናስተምርበት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተፈቅዶልናል፤ 40 ደቂቃ፣ ለ6 ሳምንት። በአንድ ክፍል 56 ልጅ አለ። የሚነሱት ኮምፒውተሮች 8 ናቸው፣ ራውተሩ አንድ። መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ለዚህ ዕድሜ የሚሆን መጽሐፍ እጃችን ላይ የለም።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ መጥፎ ነገር እንዳይከፈት በነፃ ምን ማድረግ ይቻላል? ሁለተኛ፣ 6ቱን ክፍለ ጊዜ በምን እንሙላው? ሦስተኛ፣ አንድ ልጅ የሆነ ነገር ደርሶበት ቢነግረን ምን እናድርግ? «ኢንተርኔት ጥሩም መጥፎም ጎን አለው» የሚለውን ንግግር እናውቀዋለንና እሱን ዝለሉልን።

ቦርከና መለሰ፦

የመጀመሪያውን ልውሰድ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳታችሁ የተዘጋ መስሎ ክፍት ይሆናል።

ማጣሪያውን በየኮምፒውተሩ ሳይሆን ራውተሩ ላይ አድርጉት። ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ብሮውዘር ከፍታችሁ 192.168.1.1 ብላችሁ ግቡ (አንዳንዱ 192.168.0.1 ነው)። የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ሆድ ላይ ተለጥፏል። ዲኤችሲፒ የሚለውን ክፍል (ራውተሩ ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያድልበትን) ፈልጉና የዲኤንኤስ (የገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ቦታው ላይ አንደኛውን 185.228.168.168፣ ሁለተኛውን 185.228.169.168 አድርጉት። ይህ ክሊንብራውዚንግ የሚባለው አገልግሎት የቤተሰብ ማጣሪያ ነው። የወሲብ ገጾችን ይዘጋል፣ ጎግልንና ዩቲዩብን በግድ ወደ ጥንቃቄ ሁኔታ ያስገባል፣ የቪፒኤንና የፕሮክሲ ገጾችንም (እገዳን ዞሮ ለማለፍ የሚያገለግሉትን) ያግዳል። ሌላው አማራጭ የክላውድፍሌር 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ነው። መጨረሻዋ 3 መሆኗን ልብ በሉ፤ 1.1.1.1 ምንም አያጣራም፣ 1.1.1.2 ቫይረስ ያለባቸውን ገጾች ብቻ ነው የሚያግደው።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው አንደኛውን ይሞላና ሁለተኛው ላይ የለመደውን የጎግል 8.8.8.8 ይተወዋል። ኮምፒውተሩ ከሁለቱ የፈለገውን ይጠይቃል። ዛሬ የተዘጋው ገጽ ነገ ይከፈትና «ማጣሪያው አይሠራም» ይባላል። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ አገልግሎት ይሁኑ። ቀጥሎ ክሮም ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሴኩሪቲ ግቡና «ዩዝ ሴኪዩር ዲኤንኤስ» የሚለውን አጥፉት፤ ካልጠፋ ብሮውዘሩ ራውተሩን ዘሎ በራሱ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ራውተሩንም ኮምፒውተሮቹንም አጥፍታችሁ አስነሱ። የራውተሩን የይለፍ ቃል ሳትቀይሩ እንዳትወጡ። የ5ኛ ክፍል ልጅ ተለጣፊ ማንበብ አያቅተውም።

ልጆቹ የሚገቡበት የዊንዶውስ አካውንት ስታንዳርድ ይሁን፣ አድሚን (ሴቲንግ እንደፈለገ የሚቀይር) አይሁን። ክላውድፍሌርን ከመረጣችሁ ደግሞ የዩቲዩብን ሪስትሪክትድ ሞድ (የጥንቃቄ ሁኔታውን) በእጃችሁ ማብራት አለባችሁ፤ ያውም በየኮምፒውተሩ፣ በየብሮውዘሩ። ሲበራ ኮሜንቶች ይጠፋሉ፣ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ግን የሚሠራው በአብዛኛው ርዕስና መግለጫ አይቶ ስለሆነ በእኛ ቋንቋዎች የተሠራ ቪዲዮ ብዙ ያመልጠዋል። ክፍል ውስጥ የምታሳዩትን አስቀድማችሁ እስከ መጨረሻው እዩት።

ሐይቅ ዳር መለሰች፦

ቦርከና ያለው ልክ ነው። ነገር ግን ልጆቹ እነዚያ 8 ኮምፒውተሮች ላይ የሚቆዩት በሳምንት 40 ደቂቃ ነው፣ ያውም ሰባት ሆነው ተደራርበው። ቀሪው ሁሉ የእናት ስልክ ላይ ነው። እዚያ ማጣሪያ የለም። ቴሌብር አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ኔት ሲዘጋጋ የተጫነው ቪፒኤንም እንደበራ አለ። ቪፒኤን በበራበት ስልክ ላይ ደግሞ ከላይ የተጻፈው ዲኤንኤስ ሥራ የለውም። ስለዚህ እኔ ብሆን ከ6ቱ ክፍለ ጊዜ 4ቱን ስለ ስልክ አደርገዋለሁ፣ ስልክ ሳይያዝ፣ በሰሌዳና በወረቀት። መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለ ኮድ ይሁን፤ ልጅን ተጠቅመው የቤተሰብ አካውንት የሚወስዱት በዚህ ነው። ሰሌዳው ላይ የቴሌግራም መልእክት እንዳለ ጻፉት፦ «ሰላም የኔ ቆንጆ፣ የልጄ ሥዕል ውድድር ላይ ነው፣ እዚህ ገብተሽ ድምፅ ስጪልኝ፣ 1 ደቂቃ ነው»። ከሥሩ ሊንክ። የላከችው የእናት ጓደኛ ናት፣ ስሟም ፎቶዋም ትክክል ነው (የእሷ አካውንት ትናንት ተወስዷል)። ሊንኩ ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ሲገባ ከራሱ ከቴሌግራም ባለ 5 አኃዝ ኮድ ይመጣል። ገጹ «ድምፅሽን ለማረጋገጥ ኮዱን አስገቢ» ይላል። ልጅቷ ታስገባለች። አለቀ፤ በማግስቱ ከእናትየው አካውንት ለዘመድ ሁሉ «በቴሌብር 3,000 ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ይላካል።

አምስቱን ደረጃ በተራ ጻፉና ልጆቹን «የቱ ላይ ማቆም ይቻል ነበር?» በሏቸው። አብዛኞቹ ሊንኩ ላይ ይላሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ዋናው ኮዱ ላይ ነው። ኮዱን የያዘውን መልእክት ጮክ ብላችሁ አስነብቧቸው፤ ለማንም እንዳይሰጥ እዚያው ላይ ተጽፏል። ልጆቹ የሚይዙት አንድ ሕግ ይኑር፦ ስልክ ላይ የመጣ ቁጥር ከስልኩ አይወጣም፣ ለባለቤቷ ይታያል እንጂ ለሌላ አይነገርም። መቀነት ውስጥ የተቋጠረ ብር በሉት፤ መቀነቱን የሚፈታው ባለቤቱ ብቻ ነው።

አካውንቱ ከተወሰደ ጊዜ ወርቅ ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ መሣሪያ ሌሎቹን ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ቀን ውስጥ እናትየው ከራሷ ስልክ ሴቲንግ፣ ዲቫይስ ገብታ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» ካለች ሌባውን ታስወጣዋለች። ልጁ ፈርቶ ዝም ካለ ያ ቀን ያልፋል። ለዚህ ነው ልጁን መገሠጽ የማያዋጣው። ከዚያ ወዲያውኑ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ የራስን የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ይብራ፤ እሱ ካለ ኮዱ ብቻውን አያስገባም።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ፎቶ ነው። አንድ የተማሪ ፎቶ በሰሌዳ ላይ ሣሉና (የእውነተኛ ልጅ ፎቶ አትጠቀሙ) ምን ምን እንደሚናገር ልጆቹ ይቁጠሩ። የዩኒፎርሙ ቀለም ትምህርት ቤቱን ይናገራል፤ ደሴ ውስጥ ቀለም አይቶ ትምህርት ቤቱን የማይለይ ሰው የለም። ደረት ላይ ያለው ባጅ ስም ይናገራል። ከኋላ የሚታየው የሱቅ ታፔላ ሰፈሩን ይናገራል። ካሜራው ላይ ሎኬሽን ከበራ ፋይሉ ውስጥ ቦታው ይቀመጣል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ያ መረጃ ይወጣል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። የካሜራው ሴቲንግ ላይ ማጥፋት ይሻላል።

ሦስተኛው ስለማያውቁት ሰው ነው፣ እዚህ ላይ አገራችንን ማወቅ ይጠይቃል። «ከማታውቀው ሰው ጋር አታውራ» የሚለው ወሎ ውስጥ አይሠራም። ልጆቻችን ታላቅን እንዲታዘዙ፣ ለእንግዳ እንዲነሱ፣ ሲጠሯቸው «አቤት» እንዲሉ ነው ያደጉት። «አክስትሽ ነኝ፣ ከአረብ አገር ነው የምደውለው» ያላትን ሴት የ10 ዓመት ልጅ ዝም ማለት ነውር ይመስላታል። ስለዚህ መከልከሉን ትታችሁ የሚባለውን ቃል ስጧቸው፦ «እሺ አክስቴ፣ ለእማዬ ልስጥሽ»። በጨዋ ደንብ ነው፣ ስልኩም ወደ ትልቅ ሰው እጅ ይሄዳል። ጥንድ ጥንድ ሆነው አፋቸው እስኪለምደው ይለማመዱት። ሌላው «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚለው ነው። የሚነገርበት ቀን ያለው ምስጢር አለ፣ ለምሳሌ ለኢድ ወይም ለገና የተገዛ ልብስ። ቀን የሌለው ምስጢር ግን ማንም ያስያዛቸው ማን፣ በዚያው ቀን ለትልቅ ሰው ይነገራል።

አራተኛው ስድብና መሳለቅ፣ አምስተኛው ኮምፒውተር ላይ ፍለጋ፣ ስድስተኛው የወላጅ። እነዚህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። አምስተኛው ላይ 28ቱ ኮምፒውተር፣ 28ቱ የወረቀት ሥራ ይያዙና በ18ኛው ደቂቃ ይቀያየሩ፤ 4 ደቂቃ ለግርግሩ ተው።

የቶሳ ሥር፦

እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። የእናት ስልክ ነገር ልክ ነው። ግን ወላጅ ስልኩን ለልጁ ሲሰጥ ምን ያድርግ? ብዙዎቹ ሴቲንግ ገብተው አያውቁም።

ቦርከና፦

ለእንዲህ ያለው ወላጅ አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ፦ አፕ ፒኒንግ፣ ማለትም ስልኩን አንድ አፕ ላይ መቆለፍ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ሴኩሪቲ ውስጥ ይገኛል (ሳምሰንግ ላይ «ፒን አፕ» ይለዋል)። ይበራና ሲወጣ የይለፍ ቁጥር እንዲጠይቅ የሚለው አብሮ ይበራ። ከዚያ ልጁ የሚፈልገው አፕ ይከፈታል፣ የተከፈቱትን የሚያሳየው ቁልፍ ይነካል፣ ከአፑ አናት ላይ ያለችው ምልክት ተነክታ «ፒን» ይባላል። ልጁ ከዚያ አፕ ወጥቶ ቴሌብር ወይም ቴሌግራም ውስጥ አይገባም።

የማይሠራባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። ስልኩ መቆለፊያ ከሌለው የሚጠይቀው ቁጥር የለም፣ ልጁ ሁለት ቁልፍ አብሮ ተጭኖ ይወጣል። መቆለፊያው በጣት የሚሰመር ከሆነ ደግሞ ቅባት የነካ ጣት መስታወቱ ላይ መስመሩን ጥሎ ያልፋል፤ ስልኩን ወደ ብርሃን ዘንበል ማድረግ ይበቃል። ቁጥር ይሁን፣ ከቴሌብሩ የሚስጥር ቁጥር ጋርም አንድ አይሁን።

ትንሽ ለሚገፉት አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል አለ። እዚያ ላይ ቁጥር አይቀበልም፣ ስም ነው የሚፈልገው፦ ፋሚሊ፣ ነጥብ፣ ክላውድፍሌር፣ ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኮም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ክፍተት ሳይኖር። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ኔቱ በሙሉ ይቆማል። ወላጁ ፓኬጁ ያለቀ መስሎት ሌላ ይገዛል። ስለዚህ በቃል አትንገሯቸው፣ ራሳችሁ ጻፉላቸው።

የመርሳ መለሰ፦

ስለ መብራቱና ስለ ኔቱ አንድ ነገር። ለፍለጋ ልምምድ ሁልጊዜ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኔት ይከፍታል፤ አማርኛውም አለ፣ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በፍላሽ ይዞራል። ኮሊብሪ ደግሞ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጎ ትምህርቶችን በራውተሩ በኩል ለሌሎቹ ያካፍላል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨር ብታደርጉ ባትሪው እስኪያልቅ ይቆያል፣ ግን ራውተሩም ባክአፕ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) ይፈልጋል፤ እሱን የሚረሳው ብዙ ነው።

እመት አማካሪ መለሰች፦

ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ልጁ መጥቶ ሲነግራችሁ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ይወስናል። «ማን ግባ አለህ?» ካላችሁ ሁለተኛ አይመጣም። «አብሽር፣ ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ» በሉና ይጨርስ፤ አታቋርጡት፣ ክፍል ፊት አትጠይቁት፣ ሦስት መምህር ተራ በተራ አያስደግመው። ስልኩንም ለቅጣት አትንጠቁት፤ ልጆች የሚደብቁት ስልኩን ላለማጣት ነው።

ሁለተኛ፣ ምንም አታጥፉ። የተጻጻፉትን ስክሪንሾት አንሱ፤ የሰውዬውን ስም፣ ዩዘርኔም፣ ቀንና ሰዓት በወረቀት ያዙ፣ ከዚያ በኋላ ብሎክ ይደረግ። ብሎክ ቀድሞ ከመጣ አንዳንዴ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ሰውዬውን ለማጥመድ ልጅ መስላችሁ አትጻፉለት፣ ይሸሻል።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚስቱት ነው። የልጅ እርቃን ፎቶ ካለ ስክሪንሾት አታንሱ፣ ለዳይሬክተሩም ቢሆን «ለማስረጃ» ብላችሁ አትላኩ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 እንዲህ ያለውን ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ወንጀል ነው። ስልኩ እንዳለ ከወላጅ ጋር ወደ ፖሊስ ይወሰድ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቁ። አንድ ትልቅ ሰው ልጅን ለዚያ ነገር በመልእክት ማግባባቱ ራሱ በዚያው አንቀጽ ያስጠይቃል፤ እስኪገናኙ መጠበቅ አያስፈልግም።

ጥፋተኛው ዘመድ ከሆነ ነገሩ በሽምግልና እንዲያልቅ ግፊት ይመጣል። መምህሩ ሽማግሌ ሆኖ እንዳይቀመጥ።

ሐይቅ ዳር፦

ለወላጆቹ ስብሰባ ንግግር አታብዙ። አንድ ኤ4 ለአራት ተቆርጦ 14 ወረቀት ለ56 ልጅ ይበቃል። በአንድ በኩል የፒኒንጉ ደረጃ በሥዕል፣ በሌላው በኩል «ኮድ አይነገርም» የሚለውና የትምህርት ቤቱ ስልክ። ማንበብ ለማይችሉት ልጁ ራሱ እቤት ያንብብላቸው፣ ለልጁም ድግግሞሽ ይሆነዋል። ከከሚሴ በኩል የመጡ ቤተሰቦች ካሉ የኦሮምኛውን አትርሱ። እና ሰኞ አትጥሩ፤ ገበያ ነው፣ ማንም አይመጣም።