ድርጅቱ ሲሸጥ የስንብት ክፍያ ይገባል? ሰነዱንስ ማን ይተርጉመው?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክራችን የአሜሪካው የፋየርስቶን ጉዳይ ነው። ኩባንያው በ1980 እ.ኤ.አ. አምስት የፕላስቲክ ፋብሪካዎቹን ለኦክሲደንታል ፔትሮሊየም ሸጠ። 500 ከሚጠጉት ደመወዝተኞች አብዛኞቹ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ደመወዝ ቀጠሉ። ከዚያ ግን ፋየርስቶንን የስንብት ክፍያ ጠየቁ። ኩባንያው እምቢ አለ። የስንብት ክፍያ ዕቅዱ ሰነድ የሚከፍለው "የሠራተኛ ቅነሳ" ሲኖር ነው፣ ሽያጭ ደግሞ ቅነሳ አይደለም ብሎ። ማን ልክ ነው?

የሒሳብ ሰው፦ እኔ ከኩባንያው ጋር ነኝ። የስንብት ክፍያ ሥራ ላጣ ሰው መሸጋገሪያ ነው። አርብ ተሰናብቶ ሰኞ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ጎደለበት? ይሄ ሁለቴ መብላት ነው።

የሠራተኛ ልጅ፦ የጎደለበትማ አለ፣ ወንድሜ። አዲሱ አሠሪ የድሮውን አገልግሎት ላይቆጥርለት ይችላል። ከስድስት ወር በኋላ ቢያሰናብተው የዓመታት ልፋቱ የት ይገባል? እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዕቅዱን ያወጣው ፋየርስቶን። ከካዝናው የሚከፍለው ፋየርስቶን። "ቅነሳ" ምን እንደሆነ የሚወስነውም ፋየርስቶን። ለብቻው የተቀመጠ ፈንድ የለም። "አይገባችሁም" ባለ ቁጥር ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሆኖ በራሱ ላይ የሚፈርድ ማን ነው?

የሒሳብ ሰው፦ እሺ፣ ግን ዳኛ ሁሉንም ሰነድ ከባዶ ይተርጉም ካልን አሠሪዎች ዕቅዱን ጭራሽ ይተዉታል። የ1974ቱ የጥቅማጥቅም ሕግ፣ ኤሪሳ የሚሉት፣ የስንብት ክፍያ አዘጋጁ ብሎ ማንንም አያስገድድም እኮ።

ሕግ አንባቢ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ በ1989 "ዳኛው ለዕቅዱ አስተዳዳሪ ትርጉም ሳይገዛ ራሱ ይመርምር" አለ። አስተዳዳሪው እዚህ ላይ ፋየርስቶን ራሱ ነው። ሠራተኛ ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን አንድ በር ክፍት ተወ፦ ሰነዱ ራሱ ለአስተዳዳሪው የመተርጎም ሥልጣን ከሰጠ፣ ዳኛው ውሳኔውን በቀላሉ አይነካም። አሠሪዎችም ያቺን አንቀጽ ሰነዳቸው ውስጥ ማስገባት ልማድ አደረጉት። በ2008 በኢንሹራንስ ኩባንያው በሜትላይፍ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ "ወሳኙም ከፋዩም አንድ ሲሆን የጥቅም ግጭት አለ፣ ዳኛው ይመዝነው" ብሏል። ጥሩ ነው፣ ግን ከብዙ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

የሠራተኛ ልጅ፦ ይኸው! ፍርድ ቤት የሰጠውን አሠሪው በአንድ አንቀጽ መልሶ ወሰደው። እንዲህ ያለ አንቀጽ በሕግ ይከልከል።

የሒሳብ ሰው፦ መከልከሉን አልደግፍም። ሽያጭ ይካተት አይካተት በግልጽ ይጻፍ። ያሻማ ከሆነ ለሠራተኛው ይተርጎም፣ እሱን እቀበላለሁ።

ሕግ አንባቢ፦ እሱን ከተቀበልክ፣ የፋየርስቶን "ቅነሳ" ግልጽ ነበር ትላለህ?

የሒሳብ ሰው፦ ለእኔ ግልጽ ነው። ፋብሪካዎቹ ተሸጡ እንጂ አልተዘጉም፤ ሥራውም እዚያው አለ።

የሠራተኛ ልጅ፦ ከፋየርስቶን የደመወዝ መዝገብ ላይ ግን ሁሉም ተቀንሰዋል።